ለእንግዳ የተቀመጠው መወጣጫ

ይድረስ ለክቡር የድንጋዩ መናኸሪያ እድሳት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ደረጃ ለሚወጡባቸው ጉልበቶችዎ ደኅንነት ከአልዩ አምባ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አሮጌውን መናኸሪያችንን ቅርስነቱን ሳይለቅ፣ ለአካል ጉዳተኛ ምቹና ለአካባቢ ተስማሚ አድርገው ስላሳደሱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁንና የከበዱኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና ልዘርዝር።

፩. የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው ግሩም ነው። ውኃው እንዳይባክን ብለው ቧንቧውን በማስነቀልዎ ክረምቱን ሙሉ አንድ ጠብታ አልባከነም፤ አንድ ተሳፋሪም አልጠጣም።

፪. ከዘጠኙ ደረጃዎች ጎን ያሠሩት የዊልቸር መወጣጫ እጅግ ስላማረ እንዳይቆሽሽ በሰንሰለት ተቆልፏል። እኛም ቤት የቡፌው ብርጭቆ የሚወጣው ለእንግዳ ስለሆነ ነገሩ አልጠፋኝም። ብርጭቆው ባይወጣ ግን በጣሳ ይጠጣል።

፫. በዊልቸር የምትሄደው እኅቴ ረሒማ ስኳር ያቆሰለውን እግሯን አዲስ አበባ እንድትታከም ለማክሰኞ ተቀጥራ ነበር፤ ሐኪሙም ቀኑ እንዳያልፍ አጥብቆ አስጠንቅቆናል። ሰኞ ማለዳ መናኸሪያው ደረስን። ትኬት የሚቆረጠው ውስጥ፣ ተሳፋሪው ራሱ መታወቂያውን ይዞ ሲቀርብ ብቻ ነው ተባልን። ጥበቃው ገብረጻድቅ የሰንሰለቱ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ መሆኑን፣ እርስዎም ስለ ተደራሽነት በሚመክር ዐውደ ጥናት ላይ መሆንዎን አንገቱን ደፍቶ ነገረን። «ጋሼ፣ ለእንግዳ ብቻ ነው የሚከፈተው የተባልኩት» አለኝ።

ረሒማ ባዕድ ወንድ እንዲሸከማት አልፈቀደችም። ስለዚህ እኔ የስድሳ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ አዘልኳት። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝና አብረን ወደቅን። ዳሌዋ ተሰብሮ እያለ እኔን ተጎዳህ ወይ ትለኝ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጉዞው ቀረ፣ ቀጠሮው አለፈ፣ አዲሱ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆነ። ቁስሉ ግን ሦስት ሳምንት አልጠበቀም።

እንግዲህ ለጽዱው መወጣጫዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ሰንሰለቱን እንዳልነካ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ታጁ አብዱልሀሚድ
የአልዩ አምባ ነጋዴ

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርኩት፦ ከወደቅን በኋላ መወጣጫው እንዲከፈት ካስገባነው አቤቱታ ላይ ስሟን አግኝተው፣ ሐሙስ ለሚመጡት እንግዶች ረሒማ በዊልቸሯ መወጣጫውን እየወጣች እንድታሳይ የጻፉልን የክብር ጥሪ ትናንት ደርሶናል። ከቀበርናት ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ዊልቸሯን ልኬልዎታለሁ፤ ሰንሰለቱን ያስፈቱና ባዶውን ይግፉት።