በጄኔራሉ ፎቶ ሥር ስለተቀመጠው የወንድሜ ጫማ

ለተከበሩ የጦር ሙዚየሙ ዋና ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምሁ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን እመኛለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳዎ ነገር እንደሌለ አዲሱን አዳራሽዎን ጎብኝቼ አረጋግጫለሁ።

በወርቃማ ክፈፍ የተሰቀሉት የአዛዦች ፎቶግራፎችና በየሥራቸው የተደረደሩት ከጦር ሜዳ የተለቀሙ ዕቃዎች እጅግ ያስደንቃሉ። በየፎቶው ሥር የግድ አንድ ዕቃ ይቀመጥ ስላሉ፣ ጦርነቱን በካርታ ብቻ ለሚያውቁት ጄኔራል ዕቃ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብዎት እንደነበር ይገባኛል። ሆኖም መላ አላጡም፤ የታናሽ ወንድሜን ከስክስ ጫማ ሰጧቸው።

አንደኛ፣ ወንድሜ ቀኝ እግሩ ያጥር ስለነበር፣ ለስንብት በመጣ ጊዜ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ የቀኙን ሶል የደረብሁለት እኔ ነኝ። መልማዮቹ ያነክሳል ብንላቸው፣ እንግዲያውስ ሮጦ አያመልጥም ብለው እየሳቁ ነበር የወሰዱት። የእርስዎ መግለጫ ግን የሶሎቹን መበላለጥ ጄኔራሉ በረጅም ጉዞ ያስከተሉት መበላት ነው ይላል። ለዚህ ጥልቅ ምርምር አመሰግናለሁ፤ ጄኔራሉ ለካ የዘመቱት በግራ እግራቸው ብቻ ኖሯል!

ሁለተኛ፣ ወንድሜ ከድቶ ጠፋ ስለተባልን እናታችን ልጇን አላለቀሰችም፤ ጎረቤትም ለቅሶ አልደረሰንም። ጫማው ከፊተኛው ምሽግ እንደተገኘ ጽፈዋልና፣ ከሃዲ ጫማውን አውልቆ ለጠላት ጥይት ደረቱን ሰጥቶ እንደሚከዳ ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ ትሑቱ አስጎብኚዎ፣ ጫማው ሲገኝ በውስጡ ትንንሽ አጥንቶች እንደነበሩበት፣ ከዚያም ተራግፎ፣ ታጥቦ፣ ቀለም እንደተቀባ በኩራት አስረድተውናል። ስለ ንጽሕናዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጫማውን ለጄኔራሉ መርቄላቸዋለሁ፤ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የት ነው ያራገፋችሁት? እናታችን የምትቀብረው ትፈልጋለች።

እጠላዎታለሁ ብሎ መፈረም ከደብዳቤ ወግ ውጭ ስለሆነ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ለማለት ተገድጃለሁ፣

የከሃዲው ታላቅ ወንድም

ተጨማሪ፦ እናታችን እሑድ ትመጣለች። ጫማው ያለበትን የመስታወት ሣጥን አቅፋ ስትስም የሚያዩ ጎብኚዎች የጄኔራሉ አድናቂ እንዳትመስላቸው፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዙሩልን።