ቬርኔል አትዘፍንም

ሜምፊስ፣ እሁድ ከቀትር በኋላ
ኦክቶበር 14 ቀን 1984

ለምወድሽ እህቴ ለኮራሊ፣

እንደምን ከረምሽ? ኮፐንሀገን ብርዱ ገብቷል ብለሽ ጽፈሽልን ነበርና እባክሽ አንገትሽን ሸፍኚ። ጉሮሮሽ እንጀራሽ ነው።

እኛ ደህና ነን። እማዬ ቀዶ ጥገናውን በሰላም ተወጥታ ቤቷ ገብታለች። ይሄን አስቀድሜ የጻፍኩት ፖስታውን ስትከፍቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ሐኪሙ እብጠቱን ከአንገቷ ሙልጭ አድርጎ አውጥቶታል፤ ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ትበላለች፣ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ጎመኑ ጨው አነሰው ብላ ፊቷን ታጨማድድብኛለች። ድምጿ ግን ሄዷል፣ ኮራሊ። የቀራት ሹክሹክታ ነው፤ እሱንም ጆሮሽን አፏ ላይ ካላስጠጋሽ አትሰሚውም። ሐኪሙ «ለመነጋገር ያህል ሊመለስ ይችላል» ይላል። ስለ መዝፈን ስጠይቀው መነጽሩን ይጠርግ ጀመር።

በስልክ «ቀረጻው እንዴት ነበር?» ስትዪኝ «ጥሩ ነበር» ብቻ አልኩሽ። መስመሩ ሲንኮሻኮሽ እሱን ሰበብ አድርጌ ዘጋሁት። ያን ቀን ያልነገርኩሽን ዛሬ ልጻፍልሽ። እማዬ ተኝታለች፤ ያ የኔ ባል ሩፈስም ቴሌቪዥን ፊት ኳስ እያየ አንቀላፍቷል።

ሐኪሙ የነገረን ባለፈው ወር፣ ሰኞ ቀን ነበር። «ድምፅዎን የሚያዘው ነርቭ እብጠቱ ላይ ተጠምጥሟል። የተቻለንን እንጠነቀቃለን፤ ዋስትና ግን አልሰጥዎትም» አላት።

«መቼ ነው የምትቀድደኝ?»

«ሐሙስ።»

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ጉሮሮው የኔ ነው» ብላ ኮቷን አነሳች።

መኪና ውስጥ ስንገባ ወደ ቤት ልዞር ስል መሪው ላይ እጇን ጣል አደረገች። «ወደ ሃስኪንስ ስቱዲዮ ንጂ።»

«እማዬ፣ ዛሬ እረፍት ያስፈልግሻል።»

«ከሐሙስ በኋላ ምን ሥራ አለኝና? ያን ጊዜ እጠግበዋለሁ።»

ይህቺ ሴት ዕድሜዋን በሙሉ በላውንደሪ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ዘፈን ስታወጣ እንደኖረች አንቺም ታውቂያለሽ። አንድም ቀን ግን ሸክላ ላይ አልወጣላትም ነበር። መጀመሪያ «ልጆቼ ከፍ ይበሉ» አለች። ቀጥሎ አባባ ታመመ። አንድ ጊዜ ከሸክላ ቤት የተላከ ሰውዬ ዘፈኖቿን ወስዶ በሌላ ሰው ስም ሊያወጣቸው ፈልጎ ነበር። «ስሜን ካልጻፍክበት ዘፈኔን አፍህ ውስጥ አታስገባትም» ብላ ከነባርኔጣው አባረረችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ኮራሊ ስትመጣ» ሆነ። ኮራሊ ከፓሪስ ስትመጣ፣ ኮራሊ ከስቶክሆልም ስትመጣ። አልወቅስሽም። ውል የፈረመ ሰው እንደ ልቡ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ በስልክ «እስከ ገና መላወሻ የለኝም» ስትዪኝም ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታ «ልጄን አታስጨንቂያት፤ እኔው እሞክረዋለሁ» አለችኝ።

ያን ሰኞ ሃስኪንስ ለረቡዕ ቀጠረን፤ ረቡዕ ጠዋት ስቱዲዮው ደረስን። ያ ድሮ ሲኒማ ቤት የነበረው ነው፤ ወለሉ ዛሬም ወደ ፊት ያዘቀዝቃል። እማዬ ለፋሲካ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ሃስኪንስ ፀጉሩ ሸብቷል፤ እሷን ሲያይ ግን እንደ ድሮው እንደ መዘምራን ልጅ እጁን አጣምሮ ቆመ። ፒያኖው ላይ ተቀምጣ «የሰው ቀሚስ»ን ለሚያጅቧት ልጆች ታስጠናቸው ጀመር። ዘፈኑን ታስታውሺዋለሽ፤ የሌላ ሴት የሠርግ ቀሚስ ስለምትተኩሰው ሴት ነው። ጊታር የሚመታው ጎረምሳ ቸኮለባት። እጇን ከፒያኖው ላይ አንስታ አየችው።

«የኔ ጌታ፣ ባቡር ያመልጥሃል እንዴ?»

«ኧረ አያመልጠኝም፣ እማማ ኦዴሳ።»

«እንግዲያው ረጋ ብለህ ምታው። ይህቺ ሴት ቆማ ውላ እግሯን አሟታል። እንዴት አድርጋ ትሮጥልሃለች?»

ሁሉም ሳቁ፤ ልጁም ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን እንዳለችው መታው። የሶል ሙዚቃ ማለት እኮ ይሄ ነው፣ ኮራሊ። ቤተ ክርስቲያን ያስተማረንን ለቅሶ ወስደሽ ለአንድ የምትወጂው ሰው ስትነግሪው ነው። ፓስተራችን «የዓለም ዘፈን ነው» ብሎ ሲቆጣት ምን እንዳለችው አይረሳኝም። «ፓስተር፣ ፍቅርን የፈጠረው ማን ነውና ሰይጣንን ታመሰግነዋለህ?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንጓዎች ዘፈነቻቸው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ያ ወፍራም ድምጿ፣ ያ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሰነጠቀው፣ ቤቱን ሞላው። ኦርጋኑን የሚጫወተው ሰውዬ አንገቱን ሲያቀረቅር አየሁት። ሦስተኛው አንጓ ላይ፣ ሴትዮዋ ቀሚሱን በራሷ ገላ ላይ ለክታ መስታወት የምታይበት ቦታ፣ ዜማው ሽቅብ ይወጣል። እዚያ ስትደርስ ድምጿ ከዳት። ውሃ ጠጥታ ደገመችው፤ ከዳት። ዓይኗን ጨፍና ሞከረችው። የወጣው ሳል ነበር።

ሃስኪንስ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ወጥቶ መጣ። «እማማ ኦዴሳ፣ ዘፈኑን ትንሽ ዝቅ አድርገን እንጫወተው። ማንም አያውቅብንም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ዝቅ ካደረግነው ትለምናለች። እኔ ሴትዮዋ እንድትለምን አይደለም የጻፍኳት።» ፒያኖውን ከደነችው። «ይሄ አንጓ የኮራሊ ነው። ለእሷ ድምፅ ብዬ ነው የሠራሁት። በቃ፣ ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

እኔ ጥግ ላይ ቦርሳዋን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ሽቦአቸውን ሊጠቀልሉ ሲሉ ሃስኪንስ እጁን አነሳ።

«ቆይ። አሁን፣ እርስዎ ሲደጋግሙት፣ ከኋላ ሲያንጎራጉር የነበረው ማን ነው? ማይኩ ይዞታል።»

እኔ እንደሆንኩ ያወቅኩት ሁሉም ሲያዩኝ ነው።

«ቬርኔል?» አለች እማዬ። «ቬርኔል አትዘፍንም።»

«አዎ፣ እኔ አልዘፍንም» አልኩ እኔም። ዕድሜ ልኬን ያልኩት ነው። ትዝ ይልሻል፣ ሁለታችንን ፒያኖው አጠገብ ስታቆመን? «አንቺ እጅሽ የተባረከ ነው፤ ሂጂ ባቄላው እንዳያርር እይልኝ። ኮራሊ፣ ነይ» ትለን ነበር። እኔም ሄጄ ባቄላውን አያለሁ። ደግሞም አያርርም ነበር።

ሃስኪንስ «አትዘፍንም ካላችሁ እሺ» አለ። «እንግዲያው ማይኩ ፊት ትምጣና ያልዘፈነችውን ትድገምልን።»

እና ሄድኩ። ቦርሳውን እንኳ አላስቀመጥኩም። ልጆቹ ከሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ያዙልኝ፣ እኔም አፌን ከፈትኩ። የት ተማርሽው ትዪኝ ይሆናል። ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት በምነዳው አውቶቡስ ተማሪዎቹን ትምህርት ቤት ካደረስኩ በኋላ ባዶውን ወደ ማቆሚያው ስመልስ ሬዲዮኑን ከፍቼ እዘፍናለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ያልዘፈንኩት ዘፈን የለም። ባዶ ወንበር አያጨበጭብም፤ አይስቅምም። እዚያ ለምጄው ኖሯል መሰለኝ፣ ከፍታው ላይ ስደርስ አልፈራሁም። ሴትዮዋ ቀሚሱን ለካችው፣ መስታወቱንም አየች፣ አልለመነችምም።

ስጨርስ ሃስኪንስ ማሽኑን ቶሎ አላጠፋውም። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደተቀመጠች አልዞረችም። የሰማያዊ ቀሚሷ ትከሻ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ምኑ፣ እማዬ?»

«ይሄ።»

«እኔ እንጃ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ከተማውን ግማሽ አቋረጥን። ኋላ «ለምን አልነገርሽኝም?» ስትለኝ ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ሐሙስ ለምትቀደድ እናት አይባልም። «ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳት። አሰረች። ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች፤ ቤት እስክንደርስም አላነሳችውም። ሌላ ምንም አላለችም። በማግስቱ ደግሞ ብትፈልግም የማትችል ሆነች።

ሃስኪንስ ጥቂት ሸክላ አሳትሞ እዚህ ላለው የሬዲዮ ጣቢያ ሰጣቸው፤ ባለፈው ሳምንት አጫወቱት። አስተዋዋቂው «ኦዴሳ ከልጇ ጋር» ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እህት ቤውላ እቅፍ አድርጋ ያዘችኝ።

«ሰማነው እኮ! ኮራሊ መቼ መጣች? ያ ድምፅ ዛሬም አልተለወጠም! አውሮፓ አላበላሻትም! እግዚአብሔር ይመስገን!»

ሰዉ ከበበን፤ ሁሉም ስላንቺ ያወራል። እማዬ እጅጌዬን ያዘች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጎንበስ ብዬ ሰማኋት። «ንገሪያቸው» ትላለች። «ንገሪያቸው።»

እኔም ቀና ብዬ «አመሰግናለሁ፣ እህት ቤውላ። እነግራታለሁ» አልኩ።

ይኸው ነገርኩሽ። እማዬ መኪና ውስጥ ስንገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችብኝ። ማልቀሷን ያወቅሁት መስታወቱ ላይ አይቼ ነው። ለምን እንዳልተናገርኩ እኔም አላውቀውም። ምናልባት አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው «እኔ ነኝ» ለማለት ያፍር ይሆናል።

አሁን የጻፍኩልሽበትን ጉዳይ ልንገርሽ። ሌሎቹ ዘፈኖቿ፣ ኮራሊ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ናቸው። ግጥሞቹን በሹክሹክታ ትነግረኛለች። ዜማውን ግን ማንጎራጎር አልቻለችም። የቀዶ ጥገናው መድኃኒት እጇን ስላንቀጠቀጠው ፒያኖውም አልታዘዝ ብሏታል። ከሥራ ስመለስ አልጋዋ አጠገብ እቀመጥና በግምት እዘፍንላታለሁ፤ እሷ በእጇ ትመራኛለች። ወደ ላይ፣ ገና ወደ ላይ፣ አይ፣ ተመለሺ። ትናንት አንዲት መስመር ለማግኘት ከቀትር እስከ ምሽት ፈጀብን። ሳገኛት አልጋውን በጡጫ መታችው፤ ሩፈስ ወደቀች ብሎ ከነማንኪያው ከኩሽና ሮጦ መጣ። ሌሎቹ ግን እምቢ ብለውናል። የደከማት ቀን ዓይኗን ጨፍና እጇን ትጥለዋለች፤ ያኔ አንድ ዘፈን እንደሄደ አውቃለሁ።

እነዚያን ዘፈኖች አንቺ ከእሷ ጋር ደጅ ተቀምጠሽ ዘፍነሻቸዋል። እኔ ውስጥ ሆኜ በግድግዳ ነው የሰማኋቸው፤ ግማሹን የሰማሁት የድስት ጩኸት ነው። ከቻልሽ ነዪ። ካልቻልሽ የምታስታውሺውን ካሴት ላይ ዘፍነሽ ላኪልኝ። በጌጥ አይሁን፣ ማጀቢያም አያስፈልገውም፤ ልብስ እያጠፍሽም ቢሆን ዝፈኚው። ከረሳሽው አትፈሪ፣ አትዘኚ። የእያንዳንዳቸውን መነሻ ብቻ ብትሰጪኝ ይበቃኛል። የቀረውን እኔ እወጣዋለሁ።

ሩፈስ ሰላም ይልሻል፤ እዚያ አገር አምባዛ እንዴት እንደሚጠበስ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠይቂልኝ ብሏል። እማዬ ከእንቅልፏ ነቅታለች፤ ለማን እንደምጽፍ አውቃ «ግንባሯን ሳሚልኝ» ትላለች። በሰው አገር ስትወጪ ስትገቢ የናትሽ አምላክ ይጠብቅሽ፤ መድረክ ላይ በቆምሽ ቁጥር ድምፅሽን አይንሳሽ።

አሁን ልነሳ ነው፤ እየጠራችኝ ነው። እጇን አንስታለች።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ቬርኔል