ክርክር ለምኜ ውኃ ስለተሰጠኝ ቅዳሜ፦ ለፊልም ክበባችን ሰብሳቢ

ለተከበሩት የፊልም ክበባችን ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። የአዳራሹ ብርድ ወገብዎን እንዳይዝብዎ፣ ድምፅ ማጉያው ሳያፏጭ እንዲያገለግልዎ፣ የፊት ረድፍ የሚቀመጡት አባላትም እስካሁን እንዳደረጉት ሁሉ ገና አፍዎን ሳይከፍቱ በአዎንታ ራሳቸውን እንዲነቀንቁልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላዬን ስላስለቀቁልኝም ጥሩ አርፌያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው በክበቡ በር ላይ የለጠፉት ማስታወቂያም ሰው ሁሉ እንዲያነበው ተደርጎ ስለተጻፈ ነው። «አንዲት የጥርስ ሐኪም አባላችን በስሜት ተገፋፍተው የውይይቱን መንፈስ ስላወኩ እስከ ሌላ ማሳሰቢያ ድረስ በስብሰባዎቻችን ላይ እንዳይገኙ ተወስኗል» ይላል። ስሜን ባለመጥቀስዎ አመሰግናለሁ። ከአባላቱ መካከል የጥርስ ሐኪም እኔ ብቻ መሆኔ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ለዚያ ቅዳሜ የጠሩን «ያለ ልካቸው የተካቡ ዳይሬክተሮች እነማን ናቸው? ኑ፣ በነፃነት እንከራከር» በሚል ጽሑፍ ነበር፤ «በነፃነት» የሚለው ቃልም በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። እኔም ቀዩን ቀለም አምኜ፣ ለሰርግ ብቻ የማወጣውን ካፖርቴን ለብሼ፣ ክበባችን ወደሚሰበሰብበት የቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ወርጄ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክርክሩ ሲጀመር ግን ተካቡ የሚባሉት ሰውን የሚያስቁት፣ ሲኒማ ቤት የሚያስሞሉትና በቅርቡ ሞተው መልስ መስጠት የማይችሉት ብቻ መሆናቸውን አስተዋልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ የባንክ ሠራተኛ በግድግዳው ላይ ፎቷቸው የተሰቀለው ታላላቆችም በክርክሩ ይካተቱ እንደሆነ ሲጠይቅዎ፣ ፈገግ ብለው «እነሱን እንኳ ለቀቅ እናድርጋቸው» አሉ። አዳራሹም ሳቀ። ቀልድ መስሎኝ እኔም ስቄያለሁ፤ ሳቄን መልሱልኝ ማለት ስለማይቻል ለክበቡ እንደ መዋጮ ይያዝልኝ።

ሁለተኛ። እጄን አወጣሁ። እርስዎም ካፖርቴን አይተው ነው መሰለኝ ወዲያው ዕድሉን ሰጡኝ። እኔም በግድግዳው ላይ ከበሩ በስተቀኝ የተሰቀለው፣ እኛ ቤት «የዝናቡ ጌታ» እያልን የምንጠራው ዳይሬክተር፣ በእኔ እምነት ያለ ልኩ የተካበ ሰው መሆኑን ተናገርኩ። የዝናቡ ጌታ ያልነው በፊልሞቹ ውስጥ ዝናብ አባርቶ ስለማያውቅ ነው። ምሳሌም ጠቀስኩ። አንዲት ሴት ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ትቆማለች፤ ይዘንባል፤ አውቶቡሱ አይመጣም፤ ካሜራውም ካለበት ንቅንቅ አይልም። እኔ በዚያ ጊዜ ሁለት ጥርስ ነቅዬ ሌላውን ሞልቼ በሽተኛዬን እስከ በር ሸኝቼ እመለስ ነበር አልኩ።

ሰው ሁሉ እኔን ትቶ እርስዎን አየ። እርስዎም ድምፅ ማጉያውን ወደ አፍዎ ጠጋ አድርገው «ይህ ጉዳይ ለክርክር አልቀረበም፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አሉ። እኔ ግን አላለፍኩም። ከወንበሬ ተነሥቼ እባክዎ ይከላከሉት፣ ተሳስተሻል በሉኝ፣ እንዴት እንደተሳሳትኩም ያስረዱኝ ብዬ ለመንኩዎ። «እሳቸው መከላከያ አያስፈልጋቸውም» አሉኝ። ያን ጊዜ ድምፄ ከፍ ማለቱን አልክድም። መሰበሩንም አልክድም። አንድ ደግ ሰው ከጎን ተነሥቶ በላስቲክ ብርጭቆ ውኃ አመጣልኝ፤ ሌላዋ ጀርባዬን ዳበሰችኝ። መልስ ለምኜ ውኃ ተሰጠኝ። ውኃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለነበረ ለክበቡ አስተዳደር ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሦስተኛ። ሦስተኛው ቅሬታዬ እርስዎን የሚመለከት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን የሚሰማኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ለእርስዎ እጽፈዋለሁ።

ባለቤቴ ቀያሽ መሐንዲስ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሦስት እግር በቆመ መሣሪያ ኋላ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉም እስኪገልጥ ዝናብ እስኪያባራ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። የዝናቡን ጌታ ያመልከው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ደግሞ ገና ስንተዋወቅ ሲኒማ ቤት ይዞኝ ገብቶ ፊልሙን ካሳየኝ ቀን ጀምሮ ሰውየውን አልወደድኩትም፤ አለመውደዴንም አልደበቅኩም። ወልደን ስላልሳምን እንደሌላው ሰው በልጅ አስተዳደግ አልተጣላንም። የእኛ ጠብ በእሱ ነበር። «አንቺ ሥራሽ መንቀል ስለሆነ ነገር ሁሉ ቶሎ እንዲወጣልሽ ትፈልጊያለሽ፤ እሱ ግን መጠበቅ ያውቃል» ይለኝ ነበር። እኔም መጠበቅ ጥበብ ከሆነ በክሊኒኬ ኮሪደር ላይ የሚቀመጡት ሁሉ ሊቆች ናቸዋ እለዋለሁ። ተናዶ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ፣ የሳሙናውን አረፋ በሸሚዙ ላይ እያንጠባጠበ፣ አዲስ ማስረጃ አግኝቶ ይመለሳል። ጎረቤታችን አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ «ለመሆኑ ያ ሰውዬ ማነው? ትዳራችሁን ሊበትነው ነው እኮ» አለችኝ። በመካከላችን ሌላ ወንድ የገባ መስሏት ነበር። እውነቷንም ነው፤ ገብቶ ነበር።

ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ዓይኑ እንዲበራ ብዬ የለመድነውን ነገር ጫርኩ። ያንተ ሰውዬ አዲስ ፊልም ሠራ አሉ፣ እንደ ልማዱ ቧንቧውን ከፍቶት ወጥቷል አልኩት። ወደ እኔ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ «እውነትሽን ነው፤ ትንሽ ያረዝመዋል» አለኝ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ ነው በትዳር የኖርኩት። ስሰማት ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳ ያዝኩ። ሐኪሞቹ ቁርጡን የነገሩኝ በማግስቱ ነው፤ እኔ ያወቅሁት ግን ያኔ፣ ከእኔ ጋር ሲስማማ ነው።

ወደ ክበብዎ የመጣሁት እንግዲህ ለዚህ ነበር። የግድግዳዎን ፎቶ ላወርድ አልነበረም። በክሊኒኬ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር እውላለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም አፉን ከፍቶ የተጋደመ ስለሆነ ምንም ብናገር ሊመልስልኝ አይችልም። ቤቴ ስገባም የምመልስለት የለም። ስለዚህ ያን ሁሉ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ሳይ፣ ከመካከሉ አንዱ እንኳ ስለ ዝናቡ ጌታ ተቆጥቶ ይነሣብኛል፣ ይጮኽብኛል፣ ያሳፍረኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ተስፋዬ ከመጠን ያለፈ ከነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እግረ መንገዴንም፣ ጥርስዎን ካመመዎ በሬ ለእርስዎ ዘወትር ክፍት መሆኑን አሳውቃለሁ፤ ሳይናገሩ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለመሞከርም ወንበሬ የተመቸ ነው።

አራተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረውን ትቼዋለሁ። ስለ አዳራሹ መጸዳጃ ቤት ነበር።

ማስታወቂያዎን በበሩ ላይ ካነበብኩ በኋላ ወደ ቤቴ ተመልሼ ያንኑ የአውቶቡስ ማቆሚያ ፊልም ከፈትኩት። በሶፋው ላይ በእኔ በኩል ተቀመጥኩ፤ በእሱ በኩል ያለውን ትራስ አልነካሁትም። ሴትዮዋ ቆማ ዝናቡ ሲጀምር፣ ሁለት ጥርስ ነቅዬ ሌላውን ሞልቼ ነበር አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ዝናቡ ቀጠለ። እሱ ሊመልስልኝ የሚችለውን እኔው በእሱ ፋንታ ለመመለስ ሞከርኩ፤ ነገር ግን በእኔ አፍ ሲነገር ክርክሩ ሁሉ አንካሳ ሆነብኝ። እንዲሁ ዝም ብዬ ሳይ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ያን ሁሉ ዓመት ፊልሙን ሳይ ይህን አላየሁም ነበር፤ ለካ እጇ ዝሎባት ኖሯል፤ ለካ ያን ያህል የቆመችው እኛም ድካሟ እንዲገባን ነው። ልነግረው ዞር አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለእርስዎ መጻፍ አያስፈልግም። ፊልሙ ግን ሳልዘጋው እስከ መጨረሻው ሄዷል።

አሁን ደግሞ የምስጋናው ክፍል ላይ ደርሻለሁ፤ ይህኛው እውነተኛ ምስጋና ስለሆነ እንዳያሳስትዎ እሰጋለሁ። በአዳራሹ የኋላ ረድፍ ግድግዳውን ተደግፋ የምትቀመጥ፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ እስከ ዛሬ አንድም ቀን እጇን ያላወጣች አባል አለችዎ። ጠበቃ ናት። ማስታወቂያዎን ባነበብኩበት ሳምንት እሁድ ጠዋት ስኒ እያጠብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሬን ያገኘችው ከክሊኒኬ ታፔላ ላይ እንደሆነ ነገረችኝና፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በእሁድ ምድር ረበሽኩዎ። ግን ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ውስጤ ተቃጥሎ ልሞት ነው። ስለዚያ ሰው የተናገሩት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሕተት ነው» አለችኝ።

ስኒውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ታዲያ ለምን በስብሰባው ላይ አልተናገሩም ብዬ ጠየቅኋት። «መከላከያ አያስፈልጋቸውም ተባለ እኮ! ደንበኛዬን ከእጄ ቀሙኝ!» አለች። ከዚያ ነጥብ በነጥብ ገባች። ስለ ዝናቡ፣ ስለማይንቀሳቀሰው ካሜራ፣ በዓለም ላይ ፊቱን የሚያዞር እንጂ ቆሞ የሚያይ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ቆሞ ቢያይ ምን ጥፋት እንዳለው ተናገረች። ሻንጣውን ስለያዘው እጅ ጭምር ታውቅ ነበር። እኔም በልቤ ግማሹን ተቀብያት ሳለ በአፌ አንዱንም አልተቀበልኳትም። እንዲያውም በክሊኒኬ ኮሪደር ስላሉት ሊቆች ነገርኳት። ያኔ ባሰባት። «እንዴ! አንቺ ሴትዮ፣ ፊልሙን አይተሽዋል ወይስ ጥርስ ስትነቅዪ በሬዲዮ ነው የሰማሽው?» ብላ ጮኸችብኝ።

ወዲያው ደነገጠች። «ውይ ዶክተር፣ በሞቴ ይቅርታ፣ አፌ ነው ያመለጠኝ፤ እርስዎን እንዲህ ማለቴ አይደለም» አለች።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ በሽተኞቼ ዶክተር ይሉኛል፤ ረዳቴ እርስዎ ትለኛለች፤ በመንገዳችን ያለው ሱቅ ባለቤት እማማ ማለት ጀምሯል። እርስዎም በማስታወቂያዎ ላይ ሳይቀር አንቱ ብለው ነው ያባረሩኝ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ አንቺ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እንደጎደለኝም ይህች ሴት እስክትሳሳት ድረስ አላወቅሁም ነበር።

ግድ የለም፣ ቀጥዪ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ትመጣለች። አልተስማማንም፤ የመስማማት ምልክትም የለም። በሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ሰው ልንጀምር ነው፤ እሷ ያለ ልኩ ተክቧል የምትለውን፣ እኔ የምወደውን፣ በግድግዳዎ ላይ ከሰዓቱ በታች ያለውን። ስለሆነም በእኔ ላይ የተጣለውን እገዳ ክበቡ በይቅር ባይነት ሊያነሳው አስቦ ከሆነ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ እባክዎ እንዳያነሱብኝ እለምናለሁ። ቀጠሮ አለኝ።

ታላላቆቹ በግድግዳቸው ላይ ሳይነኩ ይኑሩልዎ፤ አቧራቸውን ግን አልፎ አልፎ ቢያስጠርጉላቸው መልካም ነው። ለወንበርዎ ጽናት፣ ለድምፅዎ ጥራት፣ ለውሳኔዎችዎም ዘላቂነት እየተመኘሁ፣ በርቀት ከሚያከብሩዎ ሁሉ ይበልጥ በርቀት የማከብርዎ፣

ውይይቱን ያወኩት የጥርስ ሐኪም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠበቃዋ፣ እርስዎ ባለፈው ረቡዕ በክበቡ ያሳዩት ፊልም በሁለት ክፍል የተቀዳ እንደነበረና፣ የማሳያው ባለሙያ ተሳስተው ሁለተኛውን ክፍል አስቀድመው እንዳጫወቱት አጫውታኛለች። የፊልሙ ባለታሪክ በመጀመሪያ ተቀብሮ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሲያገባ አዳራሹ በሙሉ አይቶ ዝም ብሏል፤ ድምፅ ማጉያውን አንሥተው «ጊዜን በድፍረት የሰባበረ የሊቅ ሥራ» በማለት ያወደሱት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ዳይሬክተሩ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር፤ እሳቸው እንኳ አላሰቡትም።