መርፌው፣ ማሩና የመክሊት ቀሚስ

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ተወጋሁ። ግንባር፣ ጆሮ፣ የእጅ አንጓ፣ ከጉልበት በታች። አያምም፤ ይነዝራል፣ ከዚያ ይከብዳል። መርፌው ውስጥ መድኃኒት የለም። ቀጭን ብረት ብቻ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ባዶ ብረት እኔን ከምን ያድነኛል?

ሲ/ር ሂሩት ነርስ ናት፤ አኩፓንክቸሩን ቻይና ሄዳ ነው የተማረችው። ክፍሏ 18 ማዞሪያ፣ ፎቅ ላይ። በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ኪኒኑን እየወሰድሽ ነው? ዶክተሬም ሲፈቅድልኝ ይህንኑ ነው ያለኝ። ሽቅብ ቁልቁል የሚያደርግሽን ባይፖላር የሚይዘው ኪኒኑ ነው፣ መርፌው ለእንቅልፍና ለጭንቀት ካገዘሽ ያግዝሽ፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂ። እናቴ፣ እማ.፣ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ክፍሉ ስለሚጠብ ኮሪደር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ነው የምትጠብቀኝ።

እጄ ይንቀጠቀጣል። የኪኒኑ ጣጣ ነው። ጥልፍ ጠላፊ ሆኜ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኛል። ለመክሊት የጀመርኩት የገና ቀሚስ ከረጢት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከአባቷ ከዳዊት ጋር ናት። ባለፈው ሽቅብ የወጣሁ ጊዜ ፌርማታ ላይ ትቻት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እየዘፈንኩ። ዳዊት አልፈረደብኝም፤ ግን ወሰዳት። እስከ ገና ደህና ከሆንሽ ትመለሳለች ብሏል። አንተ ደብተር፣ ይህን ቃል ያዝልኝ።

ማታ ማታ እማ. ኪኒኑን ፈጭታ በማር ለውሳ ታጎርሰኛለች። በዚያ ክፉ ሰሞን ምላሴ ሥር ደብቄ እተፋው ስለነበር እኔው ነኝ እንዲህ አድርጊልኝ ያልኳት። ዶክተሩ ያውቃል፤ ይሄኛው ቢፈጭ አይጎዳም ብሏል። ይመርራል። ማሩም አይሸፍነውም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

እማ. የመርፌ ቀኔን የኮሶ ቀን አድርጋዋለች። ፀሐይ እንዳይነካሽ። ሰው እንዳያይሽ። ጋቢ ልበሺ፣ አጥሚት ጠጪ። ጎረቤት ሲያንኳኳ ሠናይት የለችም ትላለች፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አጥሚቴን ይዤ እንደ ሌባ ቁጭ ብያለሁ። ሳቄ መጣ። ተውኳት። ሰባ ዓመት የኖረችበትን ዛሬ ላስተምራት ነው?

ከጎጃም ማር መጥቷል፣ አጎቴ የላከው። አልመረረኝም። ምን ዓይነት ማር ነው፣ ኪኒኑን እንኳ አጠፋው አልኳት። ማንኪያውን ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

እንቅልፍ ጥሩ ነው። መርፌው ይሆን?

ጥቅምት 30፣ እሁድ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ክሩ ገባ!

በመጀመሪያው ሙከራ። እጄን ዘረጋሁ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። እማ.ን ጠራኋት። መዳፌን ይዛ ሳመችው፣ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ቅዱስ ሥዕል አየች፣ አለቀሰች። ባዶ ብረት ላልኩት ይቅርታ። መርፌ ይባረክ።

የቀሚሱ ደረት ላይ ያለውን መስቀል ጀመርኩ። አረንጓዴው፣ ከዚያ ወርቃማው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። እንደ ድሮዬ።

ዳዊት ደወለ። እማ. ነግራዋለች። ለሥራ ክፍለ ሀገር ሊወጣ ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ መክሊትን አምጥቶ ሳምንቱን እኔ ጋ ሊተዋት። ገና ሳይደርስ! ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ጠለፍኩ። ምሳ ረሳሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ከነቃሁ ቆየሁ። ሌሊቱን ብዙ አልተኛሁም፤ አልደከመኝምም። ችግሩ ይሄ ነው። አልደከመኝም።

ትናንት ታክሲ ውስጥ ከማላውቃት ሴት ጋር ከኮልፌ እስከ 18 ማዞሪያ አወራሁ። ማለት፣ እኔ አወራሁ። መጨረሻ ላይ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠግታ በመስኮት ታይ ነበር። ከወረድኩ በኋላ ነው የታወቀኝ። ከዚያ ክር ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ቀለም ሁሉ። ለመክሊት ክፍል ልጆች በሙሉ ቀሚስ ልጠልፍ አስቤ። በሙሉ! ማን አዘዘኝ?

ደስ ብሎኛል። ደስታው ግን ደስ አይልም። ሰው ሲደሰት ይደሰታል፤ እኔ ስደሰት ልቤን በር ላይ ቆሜ አዳምጠዋለሁ። ይሄ የጤና ደስታ ነው ወይስ ያኛው? ያኛው ሲመጣ በምን ይለያል? በምንም። መጀመሪያ ላይ ልክ ጤና ይመስላል። ያኔም ደህና ነኝ እያልኩ ነው ልጄን ፌርማታ ላይ የተውኳት።

ግን መርፌ አለኝ። ኪኒን አለኝ። ሁለቱም እያሉ እንዴት ይመጣል? አይመጣም። ዝም በል ልቤ።

ቅዳሜ መክሊት።

ኅዳር 5፣ አርብ። ከቀኑ 9 ሰዓት

እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ግን አጻጻፌን ተመልከት። ይሮጣል።

ከማክሰኞ ሌላ ዛሬም ልወጋ ሄጄ አልጋው ላይ ነበርኩ። ሲ/ር ሂሩት እንደ ሁልጊዜው ጠየቀችኝ፤ ኪኒኑን እየወሰድሽ ነው? አዎ፣ ማታ ማታ በማር አልኳት። ማር ስል አፌ ውስጥ ጣዕሙ መጣ። ጣፋጭ። ጣፋጭ ብቻ።

ከመቼ ጀምሮ ነው ያልመረረኝ?

መርፌዎቹ ተሰክተውብኝ መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ጣሪያው ላይ ያለውን ስንጥቅ እያየሁ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ገጣጠምኩት። አዲሱ ማር። የቆመው እጅ። እንቅልፍ የማይፈልገው ገላ። እጄን የሚያንቀጠቅጠው ኪኒኑ ነው፤ እጄ ከቆመ ኪኒኑ የለም። መርፌው አላቆመውም። ንቀይልኝ አልኳት። ነቀለችልኝ። ምክንያቱን ነገርኳት። ዛሬ ወይ ነገ ዶክተርሽን ካላገኘሽ አልወጋሽም አለች። እማ. ኮሪደር ላይ ጋቢ ይዛ ቆማ ነበር።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

አልካደችም። ኪኒኖቹን ከቡፌው መሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላቸው ነበር። አንድም አልጣለችም።

መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ይጣላል አለች። ኮሶ ጠጥቶ ሌላ መድኃኒት የጨመረ ሰው አገሯ ላይ ሲሞት አይታለች። እነዚያ መርፌዎች ሰውነቴ ውስጥ ሥራቸውን ሲሠሩ ኪኒኑን ከላይ ብትጨምርበት ሆዴ ውስጥ ተጋጭተው የሚገድሉኝ መስሏት ነው። መርፌው ይብቃት አለች በልቧ። እጄ ሲቆም ደግሞ አመነች። ማሩን ያላስቀረችው እንዳልፈራ ብላ ነው።

«እኔስ ልጅ የለኝም ወይ? እኔም እኮ ልጄን ላድን ነው» አለችኝ።

መርፌው ባዶ እንደሆነ ማን ነገራት? ማንም። እኔ እንኳ በኮሶው ሳቅሁባት እንጂ አልነገርኳትም።

ልጮህ ነበር። ጩኸቱ ከጉዳዩ በላይ ትልቅ ነበር፤ እሱም ያው የሽቅቡ ነው፣ አውቀዋለሁ። ወጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ስማኝ ደብተሬ፣ ይህን ለማንም አልልም። ለዳዊት ሳልነግረው መቅረት እየፈለግኩ ነው። ነገ መክሊት ትመጣለች። ቀሚሱ ደረቱ አልቋል፣ ከዚህ የተሻለ ጠልፌ አላውቅም። ማታ ኪኒኑን ጀምሬ ዝም ብልስ? ደህና ነኝ እኮ። በጣም ደህና ነኝ።

በጣም ደህና ነኝ። ፌርማታው ላይም ያልኩት ይህን ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 8 ሰዓት

በጠዋት ደወልኩ። አታምጣት አልኩት ለዳዊት። ሳላውቀው ኪኒን እንዳቋረጥኩ፣ ሽቅብ እየወጣሁ ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት። እማ.ን ልሸፍናት ሞከርኩ፤ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ነገረችው። ዳዊት ጉዞውን እሰርዛለሁ አለ። ስለ ገና ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ።

መክሊት ከኋላ ጫማዬን አደረግኩ እኮ ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። በዚህ ጊዜ እማ.ን ይዣት ገባሁ፤ ቁጭ አልኩና እሷን ከጎኔ፣ ከሐኪሟ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። ተረኛዋ ሐኪም ደም አስመረመረችኝ፣ ኪኒኑን በትእዛዟ አስጀመረችኝ፣ ያመለጠሽን ለማካካስ ደርበሽ እንዳትወስጂ አለች። ለእማ. መርፌው ውስጥ ምንም መድኃኒት እንደሌለ አስረዳቻት። እማ. ታዲያ ለምን ይወጋሉ ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እዚሁ ላስተኛሽ ወይስ ቤት ትሆኛለሽ አለችኝ። ቤት፣ ብሶብኝ ከታየ ግን እናቴ ታምጣኝ አልኩ። እማ. ፊት አልኩት።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። እንቅልፍ፣ ቀጠሮ፣ እንቅልፍ። ክሮቹን ለባለሱቁ መለስኩ፤ ግማሹን ተቀበለኝ።

ማክሰኞ ወደ ሲ/ር ሂሩት ተመለስኩ። እማ.ን ክፍሉ ውስጥ አስገባቻት፣ አንዱን መርፌ መዳፏ ላይ አኖረችላት። እማ. ወደ መብራቱ አስጠግታ ቀዳዳ ፈለገችበት። የለውም። መልሳ ሰጠቻትና ጋቢውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ዛሬ ጠዋት የሻይ ብርጭቆዬ ከሰሐኑ ጋር ተንቃጨለ። እማ. ሰማች። ሁለታችንም እጄን አየነው። ተመልሷል። ደስ አለኝ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ዶክተሬ መጠኑን ቀስ ብለን እናየዋለን ብሏል፤ ለጊዜው ግን ይሄው ነው። ፍርሃቱም አልሄደም። ደህና የሆንኩ ቀን ሁሉ እፈራለሁ፣ ምናልባት ዕድሜ ልኬን።

መክሊት ደወለች። ቀሚሴ አለቀ? ደረቱ አልቋል፣ የቀረው በቀስታ ነው አልኳት። ለገና ይደርሳል? እንጃ አልኳት። እውነቱን ነው።

ከሰዓት ክሩን እማ. አስገባችልኝ፣ የታችኛውን ዘርፍ ጀመርኩ። አረንጓዴው ጎበጠ። ወርቃማው ከመስመር ወጣ። ለሌላ ጠላፊ ልስጠው አልኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ከላይ ቀጥ፣ ከታች ጠማማ ይሆናል። መክሊት ስታድግ የትኛው ጋ እናቷ ደህና እንደነበረች በጣቴ አሳያታለሁ፤ ጠማማው ጋ።

እማ. በሩ ላይ ናት። ማር የለም፤ በአንድ እጇ ውሃ፣ በአንዱ ሙሉው ኪኒን። ውጬ አፌን ከፍቼ ላሳያት ነው።