ከሂሎ እስከ ሆኖሉሉ

ሜይ 5
ዛሬ አሥራ አራት ሰው በዊልቸር ገፋሁ። ኤርፖርቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ። ጉልበቴ አልቋል። ዳላስ አጠገብ፣ ኧርቪንግ ያለው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ወንድሜ ፀጋዬ ደወለ፣ ከሂሎ፣ ከሃዋይ። ኩላሊት የሚጠብቁት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ግን ንቅለ ተከላው ሂሎ የለም... ሆኖሉሉ ነው፣ ሌላ ደሴት። ኩላሊት ሲገኝ ይደወልለታል። ከዚያ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሆስፒታል መግባት አለበት።
"በመኪናስ?" አልኩት።
"ባሕር ነው እኮ፣ እትዬ።"

ሜይ 6
ርቀቱን ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ማይል። በረራው ሃምሳ ደቂቃ ገደማ። ሃምሳ ደቂቃ ምን አላት? ጌት ላይ የሚሠራው ሞገስ ግን፣ "የበረራውን ብቻ አትቁጠሪ፣ ዓለምጌጥ። ከቤት መውጣቱ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ መጠበቅ አለ፣ ከዚያ ትራፊክ" አለኝ። ስለዚህ ደመርኩት። ሦስት ሰዓት ከሩብ። ቦታ ከተገኘ። ካልዘገየ...

ሜይ 11
ዳላስ ና አልኩት። እዚህ ሆስፒታሉ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው።
"ሥራዬ እዚህ ነው። ሚስቴ ጊፍቲም የምታስተምረው እዚህ ነው።"
"ከሞትክ ሥራው ምን ያደርግልሃል?"
ስልኩን ዘጋው። ለታመመ ሰው እንዲህ ይባላል?

ሜይ 24
አልደወለም። እኔም አፍሬ አልደወልኩም። ለሚስቱ ለጊፍቲ ቴክስት አደረግሁ። "ደህና ነው። ግን ተቀይሞሻል" አለች።

ጁን 3
ቀትር ላይ አንዲት አሮጊት እየገፋሁ ሳለ ጊፍቲ ደወለች።
"ኩላሊት ተገኘ። ኤርፖርት ነን። አውሮፕላኑ ግን ሙሉ ነው፣ ቀጣዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።"
በሱ ከሄደ አይደርስም። ምን ልበላት?
"ተሳፋሪዎቹ ፊት ቁሚ። ለምን እንደምትሄዱ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። አትፈሪ።"
ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። ጮክ ብላ ስትነግራቸው ይሰማኛል። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ... "የኔን ቦታ ይውሰድ።"
ፀጋዬ ስልኩን ተቀበላት። "ብቻዬን ልገባ ነው፣ እትዬ።"
"ይቅር በለኝ" አልኩት።
"እሱን ተይው አሁን" አለኝ። ተቋረጠ።
ሃምሳ ደቂቃ... አሮጊቷ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። መሳፈሪያ በራቸው ጋ ስንደርስ እጄን አልለቅ አሉ። እስኪሳፈሩ ይዘውኝ ተቀመጡ።
ከዚያ ቴክስት መጣ። አውሮፕላኑ አርፏል። ሆስፒታል ሲገባ ሃያ ስድስት ደቂቃ ተርፎት ነበር።

ጁን 4
የሥራ እረፍት ላይ ነበርኩ። ራሱ ደወለ፣ ድምፁ ሰልሏል።
"እትዬ፣ ሸናሁ።"
ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ አልወጣውም ነበር። ሞገስ አጠገቤ ሳንድዊች ይበላል። "ወንድሜ ሸና" አልኩት። አፉ እንደሞላ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ሳቅን። ከዚያ ልቅሶ መጣብኝ።

ጁላይ 20
እረፍት ወስጄ ሆኖሉሉ ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ሐኪሟ ፀጋዬን ወደ ቤትህ ሂድ አለችው። ሦስታችንም ወደ ሂሎ ተሳፈርን።
"ዳላስ ና አትይኝም?" አለኝ።
"አልልህም። ይልቅ እኔ እየመጣሁ አስቸግርሃለሁ።"
ጁስ አደሉን። ዲያሊሲስ ላይ፣ ደሙን ማሽን እያጠበለት ሳለ፣ የሚጠጣው ውሃ እንኳ እየተለካ ነበር። ብርጭቆውን ጥርግ አደረገው። የጊፍቲንም ጠጣ። የኔን ወስዶ ገና ሳያጋምሰው፣ ልናርፍ ነው ተባለ።