እንዳያልቅብኝ ብዬ

ውድ ሙጂባ፣

ስልክ ስለማታነሺልኝ ይህን በሹፌሩ ወንድምሽ በናስር እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ ሳትወረውሪው አንብቢው።

የተውሽልኝን መጽሐፍ የጨረስኩት ዛሬ ምሳ ሰዓት ነው፤ እዚሁ ሰመራ፣ ቢሮ፣ በተጣላንበት ጠረጴዛ። በቬንትሌተር! ወደ አንቺ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ ብለን ሁለት ሳምንት ስንኮራረፍ አያሳፍርም? ከዚያ ፈቃድ ወስደሽ አዋሽ፣ ቤተሰቦችሽ ጋ ስትሄጂ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽው ወጣሽ።

ስገልጠው ከዳር እስከ ዳር ግጥም! «ልቦለድ በግጥም? ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አልኩ። ግን ያቺ ባሏን ፍለጋ ከከተማ ከተማ የምትዞረው ሴት ያዘችኝ። አንዱ ስንኝ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ቤት ሲመታ ብቻዬን እስቃለሁ። ልቦለድ ስይዝ መጨረሻውን ቀድሜ ካላየሁ እንደማያስችለኝ ታውቂያለሽ፤ ስንቴ ተቆጥተሽኛል። ይሄንን ግን አልነካሁትም። እንዳያልቅብኝ ብዬ በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ! ይህቺንማ ለቢሮው ሰው ሁሉ በቃሌ ብያታለሁ፦

መንገዱ ቢረዝም ጥሪውን አልመልሰው፣
የጠራኝ ካለማ በእግሬ ልጨርሰው።

ትናንት የቢሯችን ተስፋነሽ «ሙጂባ እኮ ተዳረች» ስትለኝ ክው አልኩ። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተን፣ ሳትነግሪኝ! አልደብቅሽም፣ ክፉ ተናገርኩ። «ድሮም አትወደኝም ነበር» አልኩ።

ዛሬ የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ የእጅ ጽሑፍሽ።

«ራሄልዬ፣ መጨረሻውን ቀድመሽ እንደምታዪ ስለማውቅ እዚህ ጻፍኩት። ፊት ለፊት ልነግርሽ አፈርኩ። ግንቦት 15 ኒካሄ ነው። ከጎኔ ካልተቀመጥሽ ደስታዬ አይሞላም። ኢንሻአላህ ትመጫለሽ።»

የፈጣሪ ያለህ! ጮኼ ተነሳሁ። ተስፋነሽ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። ግንቦት 15 እኔ ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ ነበርኩ፤ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እየሳቅኩ። ለናስር ብደውል «ከጎኗ ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ስትከለክል ዋለች» አለኝ። ምነው ባልነገረኝ!

ቬንትሌተሩን ወደ አንቺ ወንበር አዙሬዋለሁ። አርብን አስፈቅጄ በጠዋት የአዋሽን መኪና እይዛለሁ። ባትከፍቺልኝ ደጃፍሽ ላይ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፤ ጎረቤት ይስማ። የመጨረሻውን ገጽ ግን ወጥተሽ አንቺው አንብቢልኝ። ያኔ እንደ አዲስ ጥሪ ሰምቼ «እሺ፣ መጣሁ» እልሻለሁ።

የዘገየችው ጓደኛሽ
ራሄል