የጠዋቱ ፈረቃ

ውድ ወይዘሮ ገበያነሽ፣

ይህን ደብዳቤ አሁን ወደሚኖሩበት ወደ ገደብ ከተማ ድረስ መጥቶ የሚያነብልዎት ወንድምዎ ሲላስ ነው። የጻፍኩት እኔ፣ ልጅዎ በፍቃዱ ይማርበት በነበረው ትምህርት ቤት የፈረቃ መዳቢ የነበርኩት ፈለቀ ነኝ። ስሜን ሲሰሙ «በቃ፣ ተወው» እንዳይሉት እለምንዎታለሁ።

በፍቃዱ ሰባተኛ ክፍል በገባበት መስከረም፣ ከመጋዘኑ የቡና ለቀማ ሥራ እያስፈቀዱ ሦስት ጊዜ ቢሮዬ መጡ። «መምህር፣ ልጁ የከሰዓት ነው። ጠዋት እኔ መጋዘን ነኝ፣ ሲላስም ጥበቃ ነው፤ እሱ መናኸሪያ ይውላል። ጠዋት ይማር። ከሰዓት ሲላስ እንጨት ሥራ ያሳየዋል። ልጁ እየሄደብኝ ነው» አሉኝ። እኔ ከወረቀቴ ቀና እንኳ አላልኩም። «አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ ልጅ ብዬ ድልድል አላፈርስም። ልጅነት ነው፣ ይተወዋል» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ በይም አላልኩዎት።

እውነቱን ልንገርዎ፤ የጠዋቱ ፈረቃ ቦታ ነበረው። ሁለት ልጆች ለቀው ነበር። ስም ዝርዝሩን እንደገና መጻፍ ሰልችቶኝ ነው። በየሰልፉ «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልኩ የምመክር ሰውዬ፣ እርስዎ ቅጠሉን ይዘው ሲመጡ መለስኩዎት።

በፍቃዱ መጀመሪያ መኪና አጠበ። ቀጥሎ ከትልልቆቹ ጋር ስልክ መመንተፍ ተማረ። በአራተኛው ዓመት ስልኩን አልሰጥም ያለ መንገደኛ በጩቤ ወጋ፤ ሰውዬው ሞተ። ፍርድ ቤት ደጃፍ «የሰው ደም ያፈሰሰ ልጅ የለኝም» ብለው ሲሄዱ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማረሚያ ቤት ሄጄ ለበፍቃዱ ይህንኑ ሁሉ ነገርኩት። ረዝሟል፤ ጢም ጀማምሮታል። «እማዬ እንደለመነችዎት አላውቅም ነበር። ገና ያኔ የተወችኝ ነበር የሚመስለኝ» አለኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ለእኔ ይቅርታ አልጠይቅዎትም። የሟቹንም እናት እንባ አልረሳሁም። ግን ልጅዎን በእኔ ጥፋት አይተዉት። ቅዳሜ ጠዋት ጠያቂ ይገባል፤ ዲላ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ፣ ከፈለጉም ዓይንዎ እንዳያየኝ ከሩቅ እከተላለሁ።

ያን ቀን ከማረሚያ ቤቱ ስወጣ በፍቃዱ ጠራኝና «ነይ አይበሏት፤ መንገዱ ይደክማታል። ደህና ነው ብቻ ይበሉልኝ» አለኝ።

ደህና አይደለም፣ ወይዘሮ ገበያነሽ። ይምጡለት።

በደለኛዎ
ፈለቀ፣ ከዲላ